ሁላችንንም ሙሽራ ያደረገው ፋይል

ይህ የሆነው በ2007 ዓ.ም. ሪያድ እያለሁ ነው። ጓደኞቼ ዛሬም በተገናኘን ቁጥር ስለሚያነሱብኝ ልርሳው ብልም አልችልም።

ያኔ ጉበይራ በሚባል ሰፈር ውስጥ ከአብዱ ጋር በአንድ ክፍል እንኖር ነበር። እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ፤ እሱ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ይሠራል። ዓርብ ዓርብ ኳስ የምንጫወት የወሎ ልጆች ቡድን ነበረንና አብዱ ድረ ገጽ ሠራልን። እያንዳንዳችን ፎቷችን ያለበት የየራሳችን ገጽ ነበረን። እኔ በረኛ ስለነበርኩ ኳስ አቅፌ ተነስቻለሁ። በጨዋታ ላይ ግን ኳስ አቅፌ ያየኝ ሰው የለም።

መጀመሪያ ላይ አብዱ የጨዋታውን ሰዓት በየገጹ አናት ላይ ደጋግሞ ይጽፍ ነበር። ሰዓቱ ሲቀየር አንዱን ገጽ አስተካክሎ ሌላውን ይረሳል፤ ግማሾቻችን ጨዋታው ካለቀ በኋላ እንደርሳለን። በኋላ አንድ ሱዳናዊ የሥራ ባልደረባው መላ አሳየው። የጋራ የሆነው ጽሑፍ በአንድ ፋይል ይቀመጣል፤ ገጾቹ ሁሉ ከዚያ እየጠሩ ያሳዩታል።

«ኢንክሉድ ይባላል! አንዴ ትጽፋለህ፣ ሁሉም ጋ ይታያል» እያለ ሰበከን። ሩዝ እያማሰለ እንኳ ወሬው ኢንክሉድ ነው።

ከዚያ አጥቂያችን ይመር አገባ። አብዱ በይመር ገጽ ላይ «እንኳን ደስ ያለህ ሙሽራው!» ብሎ ሊጽፍ ተነሳ። ከፍቶ የጻፈው ግን በጋራው ፋይል ላይ ነው። ጽፎም ሳያረጋግጥ ወደ ሥራው ሄደ።

እጮኛዬ ዘይነባ ኮምቦልቻ ናት። ሦስት ዓመት «ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ዓመት» እያልኩ አቆይቻታለሁ። የዚያን ቀን ገጼን ስትከፍት ከፎቶዬ በላይ «እንኳን ደስ ያለህ ሙሽራው!» ይላል።

ስደውል አታነሳም። በመጨረሻ ታናሽ እህቷ አነሳችና «ሙሽራው ሰይድ፣ ከእኛ ደግሞ ምን ፈለግህ?» ብላ ዘጋችብኝ። ግራ ገብቶኝ ገጼን ስከፍት ነገሩ ገባኝ። ዘይነባን ላጣት ነው።

አብዱን ከሥራው ጎትቼ አስወጣሁትና በእሱ ስልክ ደወልን። የማታውቀው ቁጥር ስለሆነ አነሳች።

«እህቴ፣ ወላሂ ጥፋቱ የኔ ነው» አላት። «ከላይ ያለው ጽሑፍ የሁላችንም የጋራ ነው። ካላመንሽኝ የአሰልጣኛችንን የጋሽ ኡመርን ገጽ ክፈቺ።»

ጋሽ ኡመር የልጅ ልጅ ያዩ፣ ጢማቸው የነጣ ሰው ናቸው። ከፈተችው፤ እሳቸውም ሙሽራ ናቸው። የአብዱን ከፈተች፤ እሱም ሙሽራ ነው። ሳቋ እኔ እስከቆምኩበት ድረስ ተሰማ። እፎይ አልኩ።

«ያላ፣ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ» አለ አብዱ።

«የሌሎቹን አጥፋ» አለችው። «የሰይድን ግን ተወው። አንተን ውሸታም እንዳያደርግህ እሱ ለኒካሁ ይሩጥ።»

አብዱ ከጋራው ፋይል ላይ ሲያጠፋው ከሁላችንም ገጽ በአንዴ ጠፋ። ከዚያ በእኔ ገጽ ላይ ብቻ መልሶ ጻፈው። እውነተኛው ሙሽራ ይመር ያለ እንኳን ደስ ያለህ ቀረ።

ዓርብ ሜዳ ስገባ ሁሉም «ሙሽራው!» እያለ ሲጮህብኝ መግቢያ አጣሁ። በዚያው ዓመት በወኪል ኒካህ አሰርኩ።

ያን ቀን አብዱን ላንቀው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ዛሬ ግን እመርቀዋለሁ። ዘይነባ አራተኛውን ዓመት ላትጠብቀኝ ቆርጣ እንደነበር የነገረችኝ ከተጋባን በኋላ ነው።