በቀኝ በኩል በር ያላት መርከብ

ጉዟችን የተጀመረው አጥር በማፍረስ ነው። ኮልፌ አጠና ተራ አጠገብ ባለው የማኅበራችን ግቢ ውስጥ የሠራናትን መርከብ ልናወጣ ብንል የግቢው በር ጠበበን። ወደ ጎን አዘነበልናት፣ አልሆነም። ጣሪያ የሚሸከሙትን ብረቶች ፈታን፣ አሁንም አልሆነም። አትሳቁብን እንግዲህ፤ ስንሠራ ላሜራውን እንጂ በሩን ማን አየ! የማኅበሩ ኃላፊ ጋሽ ወልዴ መዶሻ አነሱና የድንጋዩን አጥር በገዛ እጃቸው መናድ ጀመሩ። ከቀበሌ የመጣው ጥበቃ ቆሞ ካየ በኋላ፣ መንገድ ዳር የተከፈተ ግቢ እንደማይፈቀድና አጥሩ ባስቸኳይ እንዲዘጋ አስጠንቅቆ ሄደ። ጋሽ ወልዴም ግንበኛ እንዲጠራ ካዘዙ በኋላ ጉዞ ጀመርን።

እኔ አስካለ እባላለሁ፤ የአውቶቡስ ወንበር ልባስ ሰፊ ነኝ። ማኅበራችን የአውቶቡስና የጭነት መኪና ቦዲ ይሠራል። ይሠራ ነበር ብል ይሻላል መሰለኝ፣ ቦዲ ያልተሠራለት ባዶ ቻሲ ወደ አገር መግባቱ ሲቀንስ የብየዳው ድምፅ እየጠፋ ሄደና፣ ሥራ ካልመጣ ማኅበሩ ፈርሶ እያንዳንዳችን ወደየምንመደብበት እንደምንበተን ከተነገረን ሰነበተ። እንዲህ ጨንቆን ሳለ ነው የዝዋይ ሐይቅ ጀልባ ማኅበር ሰዎች የመጡት። የደሴት ነዋሪዎችንና ጎብኚዎችን የሚያመላልሱበት አንድ ትልቅ የብረት መርከብ አላቸው። ሁለተኛ ሲፈልጉ ሐሳባቸው ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ያንኑ የሚያህል ይገዛ ይላል፣ ግማሹ ትናንሽ ብዙ ይሠሩ ይላል። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ሠርታችሁ በልደታ በዓል አምጡና ሰው ጭና እንያት አሉን። ከተወደደች ሌሎች እንሠራለን፤ ካልተወደደች እኛም አብረናት ሰጠምን፣ ያውም ውኃ በሌለበት በኮልፌ።

እኔ የሄድኩት የጣሪያው ሸራ የእኔ ስፌት ስለሆነ ነው። በመንገድ ነፋስ እንዳይቀደድ እዚያው ደርሶ መወጠር ነበረበት። ሐይቅ አይቼ አላውቅም ነበር።

ከኮልፌ እስከ ኬላው

ጠዋት መኪናው ላይ ጭነን ስንወጣ ሠፈርተኛው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ነበር። የሚያጨበጭብ አለ፣ የሚስቅም አለ። ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ የአውቶቡስ ሰልፍ ስለነበር መኪናችን ቆም አለ። ከሰልፉ መሀል አንድ ሽማግሌ ወደ ላይ አንጋጠው ትንሿን መርከብ በደንብ ካዩ በኋላ ስንት ቁጥር እንደሆነችና በመርካቶ ታልፍ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ ይቺ እንኳ ዝዋይ ናት የምትሄደው አልኳቸው። ያኔ ነገሩ አልገባኝም። ሽማግሌው ያዩትን ነገር እኛ ሠሪዎቹ አላየነውም ነበር።

ከቃሊቲ ወዲያ ያለው ኬላ ላይ ፈታሹ የይለፍ ወረቀታችንን አየና ቀና ብሎ ጭነቱን አየ።

«ምን ጭናችኋል?»

«መርከብ።» ጋሽ ወልዴ ናቸው።

«ከየት ነው የመጣችው?»

«ከኮልፌ።»

ፈታሹ መኪናውን ዞረና ከሥር ጎንበስ ብሎ አየ፣ ላሜራውን በጣቱ አንኳኳ። ከዚያ ጓደኞቹን ጠርቶ አሳያቸው። ሲያሳልፈን እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠን። ለላሜራ ሰላምታ ሲሰጥ አይቼ አላውቅም፤ ኩራት ኩራት አለኝ።

ደብረ ዘይት ሻይ በዳቦ ቀመስን። ሞጆ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈን ቆቃን ተሻገርን። ከዓለም ጤና ወዲያ አገሩ ሜዳ ነው፤ ግራርና አቧራ ብቻ። ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ። መቂ ላይ ሾፌሩ ሽንኩርት ሊገዛ ሲወርድ፣ የመንደሩ ሰው መኪናውን ከብቦ መርከቧን ይዳብስ ጀመር። ጋሽ ወልዴም ለአንዱ ሲያስረዱ ለሌላው እየደገሙ አስረፈዱን።

ዝዋይ

ሐይቁን ሳይ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ወዲያ ማዶው አይታይም። ከወንዝ ሌላ የማላውቅ ሰው ነኝና እንዲህ ያለ ውኃ አንድ ቦታ ተኝቶ ይቀመጣል ብዬ አላስብም ነበር። ደግሞም ፈራሁ። የሰፋሁት ሸራ፣ የበየዱት ላሜራ፣ ሁሉም ነገር ዓይኔ ላይ አነሰብኝ።

መርከቧን ወደ ውኃው ያወረድናት ከአጠና ተራ በመጣ አጠና ላይ እያንከባለልን ነው። ጋሽ ወልዴ እንደሚያስፈልግ አስቀድመው አውቀው አስጭነው ነበር። ውኃው ሲቀበላት ወዲያ ወዲህ አለችና ቀጥ ብላ ተንሳፈፈች። ጋሽ ወልዴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ እኔማ አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

የትልቁ መርከብ አዛዥ አቶ ኃይሉ ከዳር ቆመው ያዩናል። ድሮ ምጽዋ ላይ በትልልቅ መርከቦች ሠርተዋል። ነጭ ሸሚዛቸው እንደተተኮሰ ነው፤ አነጋገራቸውም እንደዚያው። ወደፊት ዘመኑ የትልቅ መርከብ መሆኑን አስረዱን። የውጭ አገር ሰው ሆቴሉን ይዞለት በሚሄድ መርከብ ሲዝናና ማየታቸውን፣ ማዕበሉ እንደማይሰማው፣ በላይኛው ፎቅ ሙዚቃ እየሰማ ምሳውን እንደሚበላ ነገሩን። በትንሽ ጀልባ እየተንገላታ ሊዝናና የሚመጣ ማን ነው አሉ። መርከብ ስላት ቃሌን አርመው ጀልባ አሏት። ቆይተው ደግሞ ሰው ፊት ለፊት አስቀምጠው እንደሚጭኑት ትናንሽ ታክሲዎች «ውይይት» አሏት። ቆሽቴ አረረ። ግን ትልቁን መርከባቸውን ሳየው ምን ልበል፤ ነጭ፣ ሁለት ፎቅ፣ የሚያምር ነገር ነው። ውሸት መናገር አልችልም።

ከዚያ ወደ እኛዋ ጠጋ አሉና ቆም ብለው አዩዋት። «በር?» አሉ። «በጎኗ ላይ በር አውጥታችሁላታል?»

አዎን፣ በር አላት። ከውኃው ከፍ ብሎ የሚዘጋ በር፣ ከሥሩ መርገጫ ደረጃ፣ ከጎኑ የእጅ መያዣ ብረት። አውቶቡስ ላይ እንደምናደርገው። አቶ ኃይሉ በግራ በኩል ዞረው አዩ፣ በግራ ምንም የለም። የዚያን ጊዜ ነው ሁላችንም የነቃነው። ዕድሜ ልካችንን ቦዲ ስንሠራ በሩ በቀኝ ነው፤ መኪና የሚሄደው በቀኝ፣ ተሳፋሪ የሚወርደው በቀኝ። እጃችን የለመደውን ሠራ፣ ውኃ ላይ የእግረኛ መንገድ እንደሌለ ማንም አላሰበም። የፌርማታው ሽማግሌ በአንድ እይታ አውቶቡስ መሆኗን አይተው ቁጥሯን ሲጠይቁን እንኳ ልብ ሳንል አለፍን።

የጀልባ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ገመቹ መጥተው ነገሩን ሰሙ። ደሴቱ ላይ ያለው መውረጃ ድንጋይ ዳር ዳሩን በበቀለው ደንገል መሀል በተቆረጠች ጠባብ መግቢያ ውስጥ እንዳለ፣ ያም ሲገቡ በግራ በኩል እንደሆነ ነገሩን። ፊታቸው ጠቆር አለ። ጋሽ ወልዴ እንደምንም በሩን በይደን ሌላ በግራ እንክፈት ቢሉ፣ እዚያ አካባቢ የብየዳ ማሽን ከየት ይምጣ! እራት የተጠበሰ ዓሣ ቀረበልን፤ የዝዋይ ዓሣ በአንድ ብር ሰሐን ሙሉ ነው። ጋሽ ወልዴ ግን አልነኩትም። ግንበኛው አጥሩን ሲዘጋው ዓይኔ ላይ መጣ።

ደሴቱ

በማግስቱ የልደታ በዓል ነበር። ትልቁ መርከብ ጎብኚዎችን፣ ቄሶችንና ጓድ ገመቹን ይዞ፣ ቴፑን ከፍቶ ቀድሞ ወጣ። የተረፈው ሰው ወደ እኛ መጣ። እኔ እንደ አውቶቡስ ረዳት በሯ አጠገብ ቆምኩ። መሀል ሐይቅ ላይ ነፋስ ሲነሳ ተንገላታን። አንዱ ተሳፋሪ አዲሱ የወንበር ልባሴ ላይ አስመለሰ። ወዲያ ማዶ ትልቁ መርከብ ምንም ሳይነካው እየተንሳፈፈ ነው፣ ሙዚቃው እስከ እኛ ይሰማል። አቶ ኃይሉ ልክ ናቸው አልኩ በልቤ፤ ተናደድኩ፣ ግን አልኩት።

ስንደርስ ትልቁ መርከብ ከደሴቱ ራቅ ብሎ ቆሟል። ግንቦት ነው፣ ዝናቡ ገና አልገባም፣ የሐይቁ ውኃ ሸሽቷል። ከዚያ በላይ ቢጠጋ ጭቃው ይይዘዋል። ደሴተኞቹ በደንገል ታንኳ እየመጡ ተሳፋሪውን ጥቂት በጥቂት ያወርዳሉ። ጎብኚዎቹ ጫማቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ጓድ ገመቹ ታንኳዋ ላይ ቁጢጥ ብለው እስከ ጉልበታቸው ርሰዋል። እኛ በአጠገባቸው አልፈን ወደ ደንገሉ መግቢያ ገባን።

መውረጃው ድንጋይ በግራ ነው። በሯ በቀኝ ነው። ተሳፋሪው ተነስቶ በግራ በኩል ሊዘል ሲል መርከቧ ዘንበል አለች። ጋሽ ወልዴ ተቀመጡ ብለው ጮኹ፤ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ መርከቧን ካወረድንባቸው ተርፈው ውስጧ የነበሩ ሁለት አጠናዎች አነሱ፣ አንዱን ለእኔ ሰጡና ሞተረኛውን እንዲያዞራት አዘዙት። በጠባቡ መግቢያ ውስጥ እሳቸው በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላ ወገን በአጠና ጭቃውን እየገፋን አዞርናት። አፍንጫዋ ወደ ሐይቁ፣ በሯ ወደ ድንጋዩ ሆነ። በሩን ከፈትኩት። ሰው ሁሉ አንድ በአንድ፣ እግሩን ውኃ ሳይነካው፣ ደረጃውን ረግጦ ወረደ። አፌን ያዝኩ።

ድንጋዩ ላይ አንዲት አሮጊት በምርኩዝ ቆመው ያዩን ነበር። እትዬ በለጡ ይባላሉ። መውረዱ ሲያልቅ ወደ በሯ ተጠጉ፣ በምርኩዛቸው ደረጃውን መታ መታ አደረጉ። ከዚያ የእጅ መያዣውን ጨብጠው፣ አንድ እግር፣ ሌላ እግር፣ ገቡና ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ልረዳቸው ስል እጄን ገፋ አደረጉት።

«እግሬ ከታመመ ወዲህ ከዚህ ደሴት አልወጣሁም» አሉኝ። «ታንኳው ላይ መቀመጥ አልችል፤ የትልቁ መሰላል አልወጣው። ልጄ መቂ ናት፣ ወልዳለች። ውሰጂኝ።»

ጓድ ገመቹ ሱሪያቸው ውኃ እያንጠባጠበ ደረሱ። እትዬ በለጡን አይተው ደነገጡ፤ ያውቋቸዋል ለካ። የትኛው እንደሚሻላቸው ጠየቋቸው፤ ትልቁ ነው ወይስ ይቺ?

እትዬ በለጡ አሻግረው ነጩን መርከብ አዩት። «ያኛው ያምራል» አሉ። «ይቺ ግን ደጄ ድረስ መጣች።»

አቶ ኃይሉ በታንኳ መጥተው ሰምተው ነበር። ነጩ ሸሚዛቸው ጭቃ ነክቶታል። ዘመኑ የትልቅ መርከብ ነው የሚለውን ሐሳባቸውን አልተዉም፤ ለጎብኚና ለሙዚቃ የእሳቸው እንደሚያስፈልግ ደግመው ተናገሩ፣ እኔም አልተከራከርኩም። ግን የእትዬ በለጡን ምርኩዝ ተቀብለው በሯ አጠገብ አስደገፉላቸውና፣ «መርከባችሁ ደህና ናት» አሉኝ። መርከብ ነው ያሉት። አፌ ቁርጥ ይበል፣ እንዲያ ነው ያሉት።

ጓድ ገመቹ ጋሽ ወልዴን ወደ ጎን ወሰዷቸው። እንዲህ ያሉ ሌሎች እንድንሠራ አዘዙ። ጋሽ ወልዴ የበሩን ነገር አነሱ፤ የሚቀጥሉትን በግራ እንደሚያደርጓቸው ቃል ሊገቡ ሲሉ ጓድ ገመቹ አቋረጧቸው።

«በሩን እንዳትነኩት። በቀኝ ይሁን። እኛ እናዞራታለን።»

ወደ ኮልፌ

እትዬ በለጡ ከእኛ ጋር ተሻግረው፣ በባዶው መኪና ጋቢና መቂ ድረስ ሄዱ። ልጃቸው ከቤት ወጥታ ስታያቸው የጮኸችውን ጩኸት አልረሳውም። ሕፃኑን አቀፉት፤ እኛም አዋዜ በቂጣ ቀርቦልን በልተን ወጣን።

መንገድ ላይ ሳስበው፣ ትልቅ መርከብ የሚሠራው ለሚያየው ሰው ብቻ ነው እንዴ እያልኩ ነበር። አይደለም፤ ትልቁም ሥራ አለው። ግን ወንበር ስሰፋ የኖርኩት ሰው ይቀመጥበት ብዬ ነው፤ አንድም ቀን ወንበሬ ላይ ሰው ሲቀመጥ ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም ነበር። እትዬ በለጡ ሲቀመጡ አየሁ። ከአሁን በኋላ ልባስ ስቆርጥ እሳቸውን ሳላስብ አልቆርጥም።

ኮልፌ ስንደርስ መሽቶ አልነበረም። ሠፈርተኛው እንደገና ወጥቷል። የማኅበሩ አባላት በፈረሰው አጥር በኩል ቆመው ፊታችንን ያነባሉ። ግንበኛው ጭቃውን አቡክቶ፣ ድንጋይ ደርድሮ፣ ክፍተቱን እስከ ወገብ ድረስ ዘግቶታል።

ጋሽ ወልዴ ከመኪናው ወረዱ። የአጥሩን ድንጋይ በእጃቸው ዳሰሱና ወደ ግንበኛው ዞሩ።

«አፍርሰው» አሉት። «ገና የሚወጡ አሉ።»