ኦርቪል ወንዙን የተሻገረበት ቀን

ወንድሜ ኦርቪል ቲግ የሚሲሲፒ ወንዝ ልጅ ነበር። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገን አጎታችን ሮስኮ ነው፤ ዋናውንም ቀዘፋውንም ያስተማረው እሱ። ኦርቪል በአሥራ አራት ዓመቱ ያልወጣበት ዛፍ፣ ያልገባበት ዋሻ አልነበረም። እናታችን «አንተ ልጅ፣ ይሄ ወንዝ አንድ ቀን ይበላሃል!» ስትለው፣ «የኔን ሥጋ አይወደውም» ይላት ነበር።

አንድ ጸደይ ወንዙ ከልክ በላይ ሞላ። ከተማችንን የሚጠብቀው የአፈር ግድብ ውሃ ያሾልክ ጀመር። የማዶው ግድብ ቢፈርስ ጎርፉ ወደዚያ ይሄድና እኛ እንተርፋለን፤ ማዶ ግን ጥቁር ገበሬዎች ከነልጆቻቸው ይኖራሉ። ኦርቪል የጀልባ መጋዘኑ ጣሪያ ላይ ተጋድሞ ሳለ፣ ከታች አጎቴ ለጓደኞቹ «ሲመሽ ድማሚቱን ይዘን እንሻገራለን» ሲል ሰማ።

ዘሎ ወረደ። «አጎቴ፣ እዚያ ሰው አለ እኮ!»

«እዚህስ እናትህ የለችም? አፍህን ይዘህ ቤትህ ግባ!»

ቤት አልገባም። በጠራራ ፀሐይ ትንሿን ጀልባ ገፍቶ ወጣ። ጎርፉ የነቀለው ግንድ አንዱን መቅዘፊያ ሰበረበት። ማዶ ሲደርስ መዳፉ ተልጦ ደም በደም ሆኗል። ግድቡ ላይ ሎቲ የምትባል ባልቴት አገኘችው።

«አንተ የነጭ ልጅ፣ ምን እግር ጣለህ?»

«እትዬ፣ ግድባችሁን ሊያፈርሱት ነው።»

«እነማን?»

ወደመጣበት ዳር ጠቆመ። «የኔው ሰዎች።»

ማምሻውን አጎቴ ሲደርስ፣ ወንዱም ሴቱም ፋኖስና ጠመንጃ ይዞ ግድቡ ላይ ተሰልፏል፤ ኦርቪልም መሃላቸው ቆሟል። አጎቴ አየው፤ ጀልባውን አዞረ።

ከቀናት በኋላ የእኛ ግድብ ተደረመሰ። ሁላችንም አስቀድመን ከከተማው በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ስለወጣን ሰው አልሞተም፤ ቤታችን ግን ተጠርጎ ሄደ። ከተማው ወንድሜን «ከሃዲ» አለው። እኔን ታናሽ እህቱንም «የከሃዲው እህት» ሲሉኝ፣ ቀና ብዬ «አዎ፣ ነኝ!» እል ነበር። እናቴ ደግሞ «ቤት ይሠራል፤ የሰው ነፍስ ግን አይሠራም» ብላ አፋቸውን አስያዘቻቸው።

እውነትም ተሠራ። እነሎቲ ጣውላ በጀልባ ጭነው መጡ። አጎቴ ሲያኮርፍ ከርሞ፣ አንድ ጠዋት መዶሻውን ይዞ ብቅ አለ። «ምሰሶህ ጠሟል፤ ና ያዝልኝ» አለው ኦርቪልን። ይቅርታ መጠየቁ ነበር።

ኦርቪል አድጎ የሁለቱም ዳር ሰው አሻጋሪ ሆነ። ልጆቹን በጀልባው ጫፍ አስቀምጦ ሲቀዝፍ፣ ከወዲያም ከወዲህም ያሉት ሰዎች «ከሃዲ» ሳይሆን በስሙ ይጠሩታል።