የምግብ ቤቱ ፎቅና የስታትስቲክስ ቡድናችን

ዶክትሬቴን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር እንደጀመርኩ፣ የሒሳብ ስታትስቲክስ የምርምር ቡድን ላቋቁም ብዬ ተነሳሁ። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ሐሳቡን ወደዱት። «ቢሮ ግን የለኝም» አሉኝ። «መጀመሪያ አንድ ሥራ አብራችሁ ሠርታችሁ አሳዩኝ።»

ማስታወቂያ ለጠፍኩ። ሁለት የማስተርስ ተማሪዎች መጡ፤ አንዷ የጉርድ ሾላ ልጅ፣ ዝምተኛ፤ ሌላው እሷ ያለችውን ሁሉ የሚከራከር። ሁለቱም በሥራ ቀን ቢሮ ስለሚውሉ የምንገናኘው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ሕንፃው ዝግ ነው። ጎሮ ያለውን ቤቴን እንዳላስብ፣ ሳሎኑ በልጆቼ ቁጥጥር ሥር ነው። ቸግሮኝ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ምሳ ለምበላበት ምግብ ቤት ባለቤት አወራኋቸው። እናቴን የሚያህሉ የመቀሌ ሴት ናቸው። «ፎቁ እስከ ምሳ ሰዓት ባዶ ነው፤ ግቡበት» አሉኝ።

ሰሌዳ ስላልነበረን በመስኮቱ መስታወት ላይ በማርከር መጻፍ ጀመርን። አንድ ቅዳሜ የምግብ ቤቱ ባለቤት ሻይ ይዘው ወጡና መስታወቱን ትክ ብለው አዩት።

«ምንድን ነው የምታጠኑት?»

«ስታትስቲክስ ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

«ታዲያ ቁጥሩ የታል? ፊደል ብቻ እኮ ነው!»

ተከራካሪው ልጅ ሊያስረዳ ተነሳ። «ብዙ መረጃ ስንሰበስብ ግምታችን ወደ እውነቱ እንደሚጠጋ ልናረጋግጥ ነው። ፊደሉ በየትኛውም ቁጥር እንዲሠራ ነው።»

«እና ተጠጋ?»

«ገና ነው።»

«በሉ በርቱ» ብለው ወረዱ። ከዚያ ወዲያ ደረጃው ላይ ሲያገኙን ሰላምታቸው «ተጠጋ?» ሆነ።

ወራት አለፉ፤ አልጠጋ አለ። እኔም ችግሩን ቀይረን ሌላ እንሞክር ለማለት ዳር ዳር ስል፣ ዝምተኛዋ ልጅ ድንገት ተነስታ አንዱን መስመር በእጅጌዋ አጠፋችው።

«ድምሩን ለሁለት ብንከፍለውስ? ትልልቆቹን ለብቻ፣ ትንንሾቹን ለብቻ።»

ማረጋገጫውን እስከ መጨረሻው ጽፋ ጨረሰች። ጓደኛዋ ሊከራከር አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ ደግሞ ከፈተው። «የምለው አጣሁ!» ብሎ ጮኸ። እኔም ጮኽኩ። እማማ ጠብ መስሏቸው እየሮጡ ወጡ።

«ተጠጋ፣ እማማ!»

እልልታቸውን አቀለጡት። ከታች የነበሩት ተመጋቢዎች የቀለበት ፕሮግራም መስሏቸው አጨበጨቡልን።

ጽሑፋችን አንዴ ተመልሶብን፣ አስተካክለን ስንልከው ታተመ። ኃላፊውም ቃላቸውን አክብረው ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለችውን ጠባብ ክፍል ሰጡን። አሁን ወንበር አይበቃንም። ዝምተኛዋ ልጅ ዶክትሬቷን እየሠራች ሴሚናሩን ትመራለች፤ ተከራካሪው ጀማሪዎቹን ያስተምራል። በቀደም አንዲት አዲስ ተማሪ ሁላችንም መመለስ ያቃተንን ጥያቄ ጠየቀች። እርስ በርስ ተያየን፤ ከዚያ ሦስታችንም ወደ ሰሌዳው ተሽቀዳደምን።