ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ሲያዘግም

ሚኒባስ የነዳ ሰው ይህን ያውቃል። ወንበሩ ገና ግማሽ ሳይሞላ ሹፌሩ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን እስከ መጨረሻው ይረግጥና ነዳጁን ይጠቀጥቀዋል። ሞተሩ ያጓራል፣ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሊሄድ ነው፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው እያለ ይጮሃል። የቸኮለ መንገደኛ ሮጦ ይገባል። መኪናው ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ከሐዋሳ ሻሸመኔ ስመላለስ ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚህ ዘዴ ነው። ነውር ነው ብዬም አስቤ አላውቅ። መናኸሪያው ውስጥ ሁላችንም እናደርገዋለን፣ ተሳፋሪውም ያውቃል፣ እያወቀ ይገባል።

እግር የለመደውን አይረሳም። ያሳፈረኝም እሱ ነው። እሱ ብቻ ቢሆን ደግሞ ምን ነበረበት።

ሚኒባሱን ሸጬ ሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ጎሚስታ ቤት ከፍቼ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ እኔና የመጨረሻዋ ልጄ ብቻ ነን። እሷ መናኸሪያ አካባቢ ካለ ቪዲዮ ቤት ተቀጥራ ሠርግ ትቀርጻለች፣ የቀረጸችውንም ቆርጣ ቀጥላ ታሰማምራለች። ቅዳሜና እሁድ ሙሽራ ስታስቆምና ስታስኬድ ትውላለች። ሰልችቷታል። አፍ አውጥታ ባትነግረኝም ጫማዋን ስታወልቅ ከምታወጣው ትንፋሽ አውቀው ነበር።

በዚያ መሀል ከተማችን ውስጥ አንድ የመኪና ክበብ ተቋቋመ። ሰብሳቢው የመለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ በዕድሜ ከኔ ያንሳል፣ በጨዋነት ግን ይበልጠኛል። ገና ለትራፊክ ያልተከፈተ አዲስ አስፋልት ላይ ፈቃድ አውጥተው፣ ግራና ቀኙን ዘግተው፣ እየተራ ይነዳሉ። ኩርባው ላይ የሚደረድሩት አሮጌ ጎማ ፈልገው ነው ወደ እኔ የመጡት። ጎማውን አቀብዬ ወደ ሥራዬ ብመለስ ምን ነበረበት! አፌ መቼ ያርፋል? እኔ በናንተ ዕድሜ እንዲህ ነበርኩ፣ እንዲያ ነበርኩ ማለት ጀመርኩ። እንግዲያው ጋሼ እርስዎም ይሞክሩ አሉኝ። ያቺ ነጭ አሮጌ መኪናዬን ይዤ ገባሁ።

ቀጥታው መንገድ ላይ ምንም አልሆንኩም። ዋናው ኩርባ ሲመጣ ግን ፈራሁ። ይኸው፣ ፈራሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ጭኜ በልክ የነዳሁ ሰው ነኝ፤ እንዲያ በፍጥነት ኩርባ ገብቼ አላውቅም። ጎማዎቹ ከፊቴ ሲመጡ ግራ እግሬ ሳላዘው ፍሪሲዮኑ ላይ ወጣ፣ ቀኙ ደግሞ ነዳጁን ጠቀጠቀው። ሞተሩ እሪ አለ። መኪናዋ ግን እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ ብላ ዞረች። ተመልካቹ ለደኅንነቱ ሲባል ከጎማው ክምር ጀርባ ርቆ ነው የሚቆመው፤ ከሚያየው የሚሰማው ይበልጣል። ክበቡም ጀማሪ ስለነበር ሰዓት የሚይዝ ሰው የለውም። ስወርድ አጨበጨቡልኝ። እንዲህ ዓይነት ልብ ያለው ሽማግሌ አላየንም አሉ። እኔም ምን ቆርጦኝ ልክድ? ጭብጨባውን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ በኋላ በየዙሩ ያው ነው፤ ኩርባው ሲደርስ ፍሪሲዮን፣ ነዳጅ፣ ጩኸት።

ልጄ ካሜራዋን ዳሽቦርዴ ላይ ገጥማ አንድ ዙር ቀረጸችልኝ። በቪዲዮው ላይ የሚታየው ፊት ለፊት ያለው መንገድ ብቻ ነው፤ ድምፁ ግን ጉድ ነው። ስልኬ ላይ ጫነችልኝና ለጎሚስታው ደንበኛ ሁሉ ሳሳይ ሰነበትኩ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ሊበላ የመጣውን ሰው እንኳ አልማርኩትም፤ የማላውቀውን ሰው ጠረጴዛ ድረስ ሄጄ እስቲ ድምፁን ስማው እለው ነበር። አሁን ሳስበው ጆሮዬ ድረስ ይግላል።

አንድ ቀን ሰብሳቢው ውጭ አገር ያለ ዘመዱ የላከለትን ትንሽ ሳጥን ይዞ መጣ። ከመሪው ሥር ትሰካለች። መኪናው በምን ያህል ፍጥነት እንደሄደ፣ ሞተሩ ስንት ዙር እንደዞረ፣ ሹፌሩ ነዳጁን ምን ያህል እንደረገጠ፣ የት ቦታ ፍሬን እንደያዘ፣ ሁሉንም ትመዘግባለች። የሱ ሐሳብ ያ የተመዘገበው ቁጥር ከመኪናው ውስጥ በተቀረጸው ቪዲዮ ላይ እንዲደረብ ነው። ሹፌሩ መንገዱንም ቁጥሩንም ባንድ ላይ እያየ ይማራል ማለት ነው። ይህን ሥራ ለልጄ ሰጣት። መጀመሪያ ያባትሽን ሥሪና እሁድ አባላቱ ፊት አሳዪን፣ ከወደዱት የክበቡ ቪዲዮ ሁሉ ያንቺ ነው፣ ውድድር ወደምንሄድበትም አብረሽን ትሄጃለሽ አላት።

ያን ሰሞን ልጄ ፊቷ በራ። ከሠርግ ልገላገል ነው አለችኝ ራት ላይ፤ ስትስቅ እናቷን መሰለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ መረቅኳት። ሳጥኗ መኪናዬ ውስጥ ተሰክታ፣ ካሜራውም ተገጥሞ እንደገና ነዳሁ። ምን እንደምትመዘግብ ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን በራሴ ላይ እንደምትመሰክር አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም። የሰው ጅል እንዲህ ነው።

ዓርብ ከምሳ በኋላ አባዬ ና እስቲ ብላ ጠራችኝ። ኮምፒውተሯ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ቪዲዮው ግርጌ ላይ ፍጥነቱን የሚያሳይ ክብ ሠርታለች። አጠገቡ ነዳጅ ስረግጥ ከፍ የሚል አረንጓዴ መስመር፣ ከሥሩ ፍሬን ስይዝ የሚቀላ ሌላ መስመር አለ። ቪዲዮውንና ቁጥሩን ያጋጠመችው በሞተሩ ድምፅ ነው፤ ሞተሩ ሲነሳ የተሰማበትን ቦታ የሞተሩ ዙር መመዝገብ ከጀመረበት ቁጥር ጋር ገጥማ። ቀጥታው ላይ ሁሉም ነገር ተስማምቷል። ማርሽ ስቀይር ቁጥሩ አብሮኝ ይቀይራል። በጣም ያምራል፤ እውነቴን ነው።

ኩርባው መጣ። ሞተሩ እሪ አለ። አረንጓዴው መስመር ጫፍ ደረሰ። ፍጥነቱ ግን ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ይወርዳል። ወደ ኋላ መልሳ አሳየችኝ፤ ያው ነው። ሌላውን ዙር አሳየችኝ፤ ያው ነው። ሌላው ቦታ ሁሉ ገጥሞ እዚህ ጋ ብቻ እምቢ አለኝ፣ ምን ይመስልሃል አባዬ አለችኝ፣ ቅንድቧን ሰብስባ።

እኔ ገና በመጀመሪያው አይቼዋለሁ። ሳጥኗ ተበላሽታ ይሆናል አልኳት። ብትበላሽማ ሌላውም ቦታ አይገጥምም ነበር አለች፣ ረጋ ብላ። እውነቷን ነው። እውነቷን ስለሆነም ቆሽቴ አረረ።

"እንግዲያው በደንብ ያላጋጠምሽው አንቺ ነሻ!" አልኳት። "ሠርግ ላይ ዘፈን እንደመለጠፍ መስሎሽ ነው?"

ልጄ ቀና ብላ አላየችኝም። እሺ አባዬ፣ እንደገና አየዋለሁ አለችና ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች። እኔ ጎሚስታ ቤት ሰው ይጠብቀኛል ብዬ ወጣሁ። ማንም አይጠብቀኝም ነበር።

ቅዳሜ ሠርግ ነበራትና አልተያየንም። እሁድ ከቸርች መልስ ሐይቁ ዳር ካለው ምግብ ቤት አዳራሽ ሄድን። አባላቱ ከነቤተሰባቸው መጥተዋል። ምሳ ተበላ፣ ዓሣ ቀረበ፣ ግድግዳው ላይ ነጭ ጨርቅ ተወጠረ። ከዛሬ ወዲያ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ እያልኩ ጉዴን እጠብቃለሁ።

ቪዲዮው ተጀመረ። መኪናዬ መነሻው ላይ ቆማለች፤ የፍጥነቱ ቁጥር ግን ጋልቧል። ቀጥታው ላይ ስበር ፍሬን ይዟል ይላል። ኩርባው ላይ ሞተሩ ሲያጓራ ክቡ ዜሮ ላይ ተኝቷል። አንዱም ካንዱ አልገጠመም። ዓርብ ያየሁት ያ ውብ ሥራ የለም። አዳራሹ መሳቅ ጀመረ። አንዱ ጋሼ ቆመው ይበራሉ እንዴ አለ፤ ሰው ሁሉ ፈነዳ። የኔ ልብ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እፎይ አለች። ተርፌያለሁ አልኩ። ስትነካካው አበላሽታዋለች፣ ተመስገን አልኩ።

ልጄ ብድግ አለች። አንድ እጇን ጨብጣ ደረቷ ላይ አድርጋለች። አዳራሹ ጸጥ እስኪል ጠበቀች።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። "ማጋጠም አቃተኝ። ይቅርታ።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ ዝም ብላ አየችኝ። እኔ አንገቴን ደፍቼ የዓሣዬን አጥንት መልቀም ጀመርኩ። ሥጋው አልቆ ሳለ እለቅም ነበር። ቀና ስል ተቀምጣለች።

ሰብሳቢው ጨዋ ነውና አዲስ ነገር ስለሆነ ነው፣ ስለ ድካሟ እናመሰግናለን አለ። በሌላ ሰው ማሠራታችን አይቀርም ብሎ አጠገቡ ላለው ሲነግር ግን በጆሮዬ ሰማሁት። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ሊያጽናናኝ ብሎ ልጅ ናት፣ ትማራለች አለኝ። እኔ ምን አልኩ? አዎ፣ ልጅ ናት አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ! በባጃጅ ተመለስን። ሰፈራችን ስንደርስ ብቻ፣ በደንብ በላህ ወይ አባዬ አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ እህል አልረጋልኝ አለ። እሷ ወደ ሠርጓ ተመለሰች፤ ቪዲዮ ቤት ገብታ ትወጣለች፣ ታበስላለች፣ ደህና አደርክ ትለኛለች። ምነው ብትሰድበኝ! ደንበኞቼ እስቲ ያን ቪዲዮህን አሳየን ሲሉኝ ስልኬ ተበላሽቷል እላለሁ። ጎሚስታው ደጃፍ ላይ ሚኒባስ ቆሞ ነዳጁን ሲጠቀጥቅ የሚሰድበኝ ይመስለኛል። አንዱን ሹፌር ያለ ነገሩ ጮህኩበት፤ ምን ሆነዋል ጋሼ ብሎኝ ሄደ።

በመጨረሻ አልቻልኩም። ሱቄን ዘግቼ ሰብሳቢው መለዋወጫ ቤት ሄድኩና ሁሉንም ነገርኩት። ኩርባውን፣ ፍርሃቴን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ዓርብ ለልጄ ያልኳትን። ይቆጣል ብዬ ነበር። ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ወንድሙን ከጓዳ ጠርቶ ለሱም ይንገሩት እስቲ አለኝ። ለሱም ነገርኩት፣ እሱም ሳቀ። የመናኸሪያ ሹፌር ሞኝ አይደለም እያሉ ጀርባዬን መቱኝ። መንዳትዎን ይቀጥሉ፣ ፍርሃቱን እናስተውዎታለን አሉኝ። ሻይ ጋበዙኝ።

የልጄ ሥራስ አልኩ ሻዩን ሳልነካ። ያኔ ሳቁን አቆመ። ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ፣ ቃሌን እንዴት ላጥፍ አለኝ፤ ያን ዕለት እዚያው ቢናገሩ ኖሮ ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ። የኔ ቦታ እንደነበረ ነው። የቀረባት እሷ ናት።

ቤት ስገባ ለቅዳሜው ሠርግ የካሜራዋን ባትሪዎች እየደረደረች ነበር። ቁጭ ሳልል ነገርኳት። አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ዛሬ ሄጄ ለሰብሳቢው ተናግሬያለሁ አልኳት። እውነቱን ለመናገር ትደነግጣለች፣ ከዚያ አቅፋ ትስመኛለች ብዬ ነበር የመጣሁት። ባትሪውን መደርደሯን አላቆመችም። አውቃለሁ አባዬ አለች። ዓርብ አንተ ከወጣህ በኋላ ኩርባውን ደጋግሜ ሳዳምጠው ገባኝ፤ ያጋጠምኩት መጀመሪያም ልክ ነበር አለች።

የእሁዱ ታዲያ ምንድነው አልኳት። ቁጥሩን ያዘበራረቅሁት እኔ ነኝ አለች፤ ሰው ኩርባው ላይ ያደረግኸውን እንዳያይ። ሥራው እኮ ያንቺ ነበር፣ ለምን አልኳት።

ያኔ ነው ቀና ያለችው።

"ጥፋቱ የኔ ነው ስል አንተ ትነሳለህ ብዬ ነበር" አለች። "ብትነሳ የማሳየው ትክክለኛው ቪዲዮ ፍላሽ ላይ ነበር። እጄ ውስጥ ጨብጬው ነው የቆምኩት።"

ባትሪዎቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ተነስታ ራት አቀረበችልኝ፤ እኔም በላሁ።