ሰው የማያስወጡት ወርዋሪ

በደርግ ዘመን ሮም ውስጥ የዘርዓ ክህነት ተማሪ ሳለሁ የኮሌጃችን የክሪኬት ቡድን አምበል ነበርኩ። ኢትዮጵያዊ የክሪኬት አምበል! ህንዶቹ የስሪላንካ ሰው አይመራንም፣ የስሪላንካዎቹም ህንድ አይመራንም ሲሉ ጊዜ የማንም ወገን ያልሆንኩት እኔ ተመረጥኩ። የገና ጨዋታ ስጫወት ያደግሁ ነኝና ዱላና ኳስ አያስፈራኝም። በአንድ ዓመት ውስጥ ካስተማሩኝ በላይ አወቅሁት ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ለማያውቀው ላስረዳ። መቺው ከኋላው ሦስት እንጨት ተተክሎ ዱላውን ይዞ ይቆማል። ወርዋሪው እንጨቱን ከመታ መቺው ይወጣል፤ መቺው ኳሷን አርቆ ከላካት ግን ከወዲያኛው ጫፍ ከቆመው ጓደኛው ጋር ቦታ እየተቀያየረ በመሮጥ ነጥብ ይሰበስባል። ሁለት ወርዋሪዎች ከሜዳው ሁለት ጫፍ ስድስት ስድስት ኳስ እየተፈራረቁ ይወረውራሉ። እንግዲህ ወርዋሪ ሲመረጥ ጥያቄው ሁለት ነው፤ ቶሎ ቶሎ ሰው ያስወጣል ወይ? ነጥብስ ይቆጥባል ወይ?

ሁለቱም ዓይነት ነበሩን። ከደቡብ ህንድ የመጣው ጓደኛችን ሰው በማስወጣት የሚያህለው አልነበረም፤ ነጥብ ሲያድል ግን ሠርግ የደገሰ ይመስል ነበር። ሌላው ለከፍተኛ ትምህርት የመጡ፣ በዕድሜ የገፉ ያገሬ ካህን ናቸው፤ ሁላችንም አባ እንላቸዋለን። አባ ነጥብ አይሰጡም፤ ሰውም አያስወጡም። ቀስ ብለው ይራመዱና ኳሷን ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ያሳርፏታል።

አሸንፈናቸው ከማናውቃቸው ከአውስትራሊያ ተማሪዎች ጋር ልንጋጠም ስንል አባ ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ አገር ቤት ሊመለሱ ነበር። ያስተምሩበት የነበረው ትምህርት ቤት ተወርሷል፤ ምን እንደሚጠብቃቸው የሚያውቅ የለም። «እዚሁ ይቅሩ» ያላቸው ብዙ ነው፣ እሳቸው ግን ቆርጠዋል። ያቺ ጨዋታ የመጨረሻቸው ናት፤ መጫወት እንደሚፈልጉም አልደበቁኝም።

ቡድኑ ግን ምሳ ላይ ተነሣብኝ። አባ ወጥተው በምትካቸው ሰው የሚያስወጣ ይግባ አሉ። አባ ወሬውን ሰምተው ኖሮ፣ እሑድ ከሐበሾቹ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱስ እስጢፋኖስ ቅዳሴ ስንወጣ ሳቁብኝ።

«አሎራ» አሉ በጣልያንኛ፣ «እንግዲህ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። ለእኔ ብለህ ከልጆቹ እንዳትጣላ።»

«ለእርስዎ ብዬ አይደለም አባ፤ ለማሸነፍ ብዬ ነው» አልኳቸው።

እውነቴን ነበር። ሌሎቹ የማስወጣቱን ቁጥር ብቻ ሲያዩ እኔ ቁጥሩ መቼ እንደሚመጣ አይቻለሁ። ህንዳዊው ሰው የሚያስወጣው አባ ከወዲያኛው ጫፍ ሲወረውሩ ነው። መቺው አባ ላይ አንዲትም ነጥብ ያጣና ይበግናል፤ ብግነቱን ህንዳዊው ላይ ሊወጣ ዱላውን ያለ ልኩ ይሰነዝራል፤ ያኔ እንጨቱ ይወድቃል። ስለዚህ አባን አስገባኋቸው፤ ያኮረፈም አኮረፈ።

መጨረሻ ላይ ከእነሱ አንድ መቺ ማስወጣት ብቻ ቀረን፤ ለማሸነፍም ጥቂት ነጥብ በቂያቸው ነበር። አባ ስድስት ኳስ ወረወሩ፤ አንድም ነጥብ አልሰጡም። ሰውየው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ቀጥሎ ህንዳዊው ሲወረውር ገና ተራው እንደደረሰው ዱላውን እንደ መጥረቢያ ሰነዘረ፤ ከኋላው እንጨቱ ተገነደሰ። ቡድኑ በሙሉ ህንዳዊውን ተሸክሞ ጨፈረ። አባ ሜዳው ዳር ካለው ጥድ ሥር ኮታቸውን ሊያነሱ ሄዱ፤ እኔም ተከትያቸው ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«ተው እንጂ፣ እኔ እኮ ማንንም አላስወጣሁም» አሉኝ። ደስታቸው ግን ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

በሳምንቱ ሄዱ። ናፈቁኝ፤ ሜዳ ላይ ደግሞ ባሰብኝ። በሚቀጥለው ዓመት ህንዳዊው እንደ ድሮው ወረወረ፤ ክንዱም ፍጥነቱም ያው ነው። መቺዎቹ ግን ከወዲያኛው ጫፍ ነጥባቸውን ተረጋግተው እየለቀሙ እሱን በትዕግሥት ያሳልፉታል። አንድ ቀን ጨዋታው መሀል ኳሷን እንደያዘ ወደ እኔ መጣ።

«ለአባ ጻፍላቸውና ይመለሱ» አለኝ።

ሦስት ጊዜ ጽፌላቸው ነበር። መልስ አልመጣልኝም።