ከመንገድ ማዶ የሚታይ ፊደል

ሰይፈ ሚካኤል ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ አጠገብ ባነር ያትማል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሁለት መቶ ዓይነት የፊደል ቅርጽ ተጭኗል፤ እሱ የሚያውቀው ግን አንዱን ብቻ ነው፤ ወፍራሙን፣ ግራና ቀኙ ተጨፍልቆ ሽቅብ የተመዘዘውን፣ ጌጥ የሚባል ያልነካውን። ፊደሎቹ የሁርሶ ማሠልጠኛ ምልምል ወታደር ይመስል ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይቆማሉ። የድሬ ነጋዴ አንዲት ጠባብ ሰሌዳ ላይ አማርኛ፣ ሶማልኛ፣ ኦሮምኛና እንግሊዝኛ ካልታጨቀለት ሱቅ የከፈተ አይመስለውምና የሰይፈ ሚካኤል ገበያ ደርቷል። ሰውዬው ግን የሠርግ መጥሪያውንም፣ የክሊኒክ «ጸጥታ ይከበር»ንም የሚያትመው በዚያው በሚጮኸው ፊደል ነው። ቅር ላለው ደንበኛ ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ከመንገድ ማዶ አይታይም?»

ባለፈው ወር የሚስቱ የሶፊ አባት፣ የባቡር ጡረተኛው አቶ ገብረ መድኅን አረፉ። እድሩ ለለቅሶው ድንኳን በር ባነር አዘዘው። እሱም በዚያው ፊደል የሟችን ስም፣ የባቡር ማዕረጋቸውንና የእድር ሹመታቸውን አንድ መስመር ላይ ጠቅጥቆ ሰቀለው።

በማግስቱ አንዲት የመጋላ ሰፈር እናት ፌስታላቸውን እንዳንጠለጠሉ ድንኳኑ ውስጥ ብቅ አሉ። አማርኛ አያነቡም፤ የቅናሽ ማስታወቂያ ፊደል ግን አይጠፋቸውም። ሶፊን «ልጄ፣ ቅናሹ እስከ መቼ ነው?» ብለው ጠየቋት።

ሶፊ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች ባሏን አየችው።

«ሰማሽ?» አላት ቀስ ብሎ። «ከመንገድ ማዶ ነው ያዩት።»