ውሃ ልክ እና ትርፏ ቁራጭ

ሴራሚክ አንጣፊውን ሰፈሩ የሚያውቀው «ውሃ ልክ» በሚል ቅጽል ስም ነው። እሱ ባነጠፈው ወለል ላይ ውሃ ቢደፋ ወዴት እንደሚሄድ ግራ ይገባዋል ይባላል። ወሬውን የሚነዛው ግን ራሱ ነው መሰለኝ።

ከሚስቱ ታላቅ ወንድም ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አይነጋገሩም። ወጥ ቤታቸውን የገነባላቸው ይኸው ግንበኛ ወንድሟ ነበር። ውሃ ልክ ወለሉን ሲያነጥፍ መጨረሻው መስመር ላይ በአንዱ ጫፍ ሁለት ጣት፣ በሌላው አንድ ጣት ቦታ ቀረው። «ግድግዳው ጠማማ ነው!» አለ። ለሚስቱ ብቻ ብሎት ቢተወው ምን ነበረበት! አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ እሱ ደግሞ ሁለቱም ደርሶበታል። ሚስቱ ከዚያ ወዲህ ወንድሟን የምታየው ተደብቃ ነው።

ባለፈው እሑድ ባልና ሚስት አዳራሽ ሄደው አስማተኛ አዩ። ሰውዬው ቅርጻቸው የተለያየ እንጨቶች ክፈፍ ውስጥ ገጥሞ አሳየ፤ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከዚያ ዘረገፋቸውና ከኪሱ አንዲት ቀጭን ትርፍ ቁራጭ አወጣ። እንደገና ገጣጠማቸው። ትርፏም አብራ ገባች! አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«አንተ፣ ይሄ ያንተ ሙያ አይደል? እንዴት አደረገው?» አለችው ሚስቱ።

«ዓይናችንን አስሮ ነዋ!» አላት። ቤት እንደገባ ግን ካርቶንና መቀስ ፈለገ።

ሦስት ቀን ካርቶን ሲቆርጥ፣ ሲገጥም፣ ሲያፈርስ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ገባው። ለካ በመጀመሪያው ዙር በቁራጮቹ መሃል ዓይን የማይሞላ ክፍተት ነበር። አንዱን ለብቻው ቢያዩት ከቁም ነገር አይገባም፤ ሁሉም ሲደመሩ ግን ትርፏን ቁራጭ ያክላሉ። በሁለተኛው ዙር አስማተኛው አጥብቆ ገጠማቸው፣ በቃ።

«አገኘሁት!» ሊል አፉን ሲከፍት ዓይኑ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ አረፈ። ተንበረከከ። በአንዱ ጫፍ የሴራሚኮቹ ክፍተት ከሌላው በአንድ አንድ ሚሊ ይሰፋል፤ መስመሩ ደግሞ ሃያ ነው፤ ሲደመር ያቺኑ አንድ ጣት ያክላል። ሜትሩን አምጥቶ ከግድግዳ ግድግዳ በሁለቱም ጫፍ ለካ። እኩል ነው። ደግሞ ለካ። አሁንም እኩል ነው።

«ምነው፣ ምን ሆንክ?» አለች ሚስቱ።

«ግድግዳው ልክ ነው» አላት። አፈረ። እሷም ጫማውን አቀበለችው።

ወንድሟ አሁን የመጋዘን ዘበኛ ነው። ግንበኝነቱን ከተወ ዘጠኝ ዓመቱ፤ የገዛ አማቹ ግድግዳው ጠማማ ነው ያለበትን ሰው ማን ያሠራዋል?

«ጋሼ፣ ግድግዳዎ ልክ ነበር። ያዛነፍኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ» አለ ውሃ ልክ፣ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ።

ዘበኛው አየት አደረገው። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? በቱንቢ ያቆምኩት እኔ፣ አውቀዋለሁ እኮ። ሂድና ለነገርካቸው ሰዎች ንገር።»

«እሺ ጋሼ» አለና እነማን እንደነበሩ ለማስታወስ ሞከረ። በአሥራ አንድ ዓመት ሴራሚክ ካነጠፈባቸው ቤቶች ሁሉ ያንን ወሬ ያላወራበት አንድም ቤት ትዝ አላለውም።